በእናቴ ዳዊት ላይ የቀባሁት ቀለም

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር። ከ3 ዓመት በፊት፣ በአንድ የግንቦት ቅዳሜ፣ እናቴ ለክርስትና ጥሪ ወደ ሐረር በወጣችበት ቀን፣ ከአባቷ የወረሰችውን የብራና ዳዊት ከማኅደሩ አውጥቼ የገበታውን ቆዳ ቀለም ቀባሁት። ክፉ አስቤ አልነበረም። እንዲያውም ስትመለስ አይታ ደስ እንዲላት ነበር። ሰው በሚወደው ነገር ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ በጎ ሐሳብ የተጠቀለለ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ።

ቤታችን ከደቻቱ ብዙ አይርቅም። ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው «ወንዝ» ሲባል ውሃ ይታየው ይሆናል። ደቻቱ ግን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አህያና ግመል ይሻገርበታል። ከዚራን ከመጋላ የሚለያት ይህ ደረቅ አሸዋ ነው።

አያቴ ወደዚህች ከተማ የመጡት ለሸመንደፈር ሥራ ነው። የጅቡቲው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከተማዋም ከሐዲዱ ጋር አብራ የተወለደች ናት። ቡናውና ቆዳው በባቡር ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ሰዉ ደግሞ ከየአገሩ ወደ ድሬዳዋ ይወርድ ነበር። አያቴ ከቡልጋ ሲነሡ የያዙት አንድ ጋቢና አንድ ዳዊት ብቻ እንደ ነበር በቤታችን ይወራል። ጋቢው አልቋል። ዳዊቱ አለ።

ገበታዎቹ የዋንዛ እንጨት ናቸው። የለበሱት ቆዳ የፍየል ነው፤ ድሮ ቀይ የነበረ፣ በብዙ ዘመን እጅና በዕጣን ጢስ ወደ ቡናማነት ያደላ። ፊቱ ተደጉሷል። ድጉስን በቅርብ ላላየ ሰው፣ ጠራዡ እርጥቡን ቆዳ በጋለ ብረት እየተጫነ የሚያወጣው ጌጥ ነው፦ በመካከሉ መስቀል፣ በዙሪያው እርስ በርሱ የተካበበ መስመር፣ በመስመሮቹም መካከል ትናንሽ ክቦችና ነጠብጣቦች። ወርቅ አይገባበትም፤ ቀለምም አይጨመርበትም። መስመሩን ከሌላው ቆዳ የሚለየው ጥልቀቱና የብረቱ ግለት ያጠቆረው ጥቁረት ብቻ ነው። የቀረውን ዘመን ይሠራዋል። ከፍ ያለው ቦታ በመዳፍ እየታሸ ይገለጣል፤ የጎደጎደው ደግሞ ጢሱን፣ ሰሙንና የእጁን ወዝ እያጠራቀመ ይጨልማል። አንድ ዳዊት እንዲህ ሆኖ ለመታየት ሁለት ሦስት ትውልድ ይፈልጋል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደቻቱ በሌሊት መጣ። የደቻቱ ጎርፍ ከተማዋ ላይ ከሚዘንበው ይልቅ በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ የሚወርደው ነው፤ ስለዚህ የተኛ ሰው ምንም ሳያውቅ ይደርስበታል። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። እናቴና እኔ ጣራ ላይ አደርን። ከጎረቤቶቻችን ያላደሩ ነበሩ። ሲነጋ ወደ ቤት ስንገባ ውሃው አልጋውን አልፎ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማኅደር ግርጌ ነክቶ ኖሯል። የብራናው ታች ጥቂት ተኮማተረ እንጂ ፊደሉ ዳነ። በፊተኛው ገበታ ላይ ግን፣ ከመስቀሉ እግር በታች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ጥቁር ሞገድ የመሰለ መስመር ቀረ። ከመስመሩ በታች ያለው ቆዳ ጠነከረ፤ መስመሩ ራሱም በጣት ሲዳስሱት ከፍ ይላል።

እኔ ያን መስመር ከ15 ዓመት በላይ እንደ እድፍ አየሁት።

* * *

በቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ግን ቆዳ እደጉሳለሁ። የተማርኩት ከኢንተርኔት ቪዲዮ ነው፤ ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳና የማስታወሻ ደብተር ሽፋን እሠራለሁ፤ ጥቂቱን እሸጣለሁ፣ ብዙውን ለወዳጅ እሰጣለሁ። ለድጉስ የሚሆነው በዛፍ ቅርፊት የተለፋ ቆዳ ነው። ዛሬ በዓለም የሚለፋው ቆዳ አብዛኛው በክሮም ጨው ስለሆነ፣ ሲረጥብና ሲጫኑት ቅርጹን አይዝም፤ እንደ ላስቲክ ተመልሶ ይነሣል። በቅርፊት የተለፋው ግን የተጫኑበትን አይረሳም።

በዚህ ሥራ ጀማሪን ሁሉ የሚማርከው «አንቲክ» የሚሉት ነገር ነው። ጥቁር ቡናማ፣ እንደ ጫማ ቀለም የወፈረ ቅባት ነው። በተደጎሰ ቆዳ ላይ ያሹትና ወዲያው በጨርቅ ይጠርጉታል። ከላይ ያለው ሲጠረግ ጎድጓዳው ውስጥ የገባው ይቀራል፤ ጌጡም ጎልቶ ይወጣል። በአጭሩ፣ በአያቴ ዳዊት ላይ ሁለት ትውልድ የሠራውን በሁለት ደቂቃ ማስመሰያ ነው። ትናንት የተሠራ ቦርሳ የመቶ ዓመት ይመስላል። እኔም ይህን በጣም እወደው ነበር።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ የሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ ቀይ ቡናማ አክሪሊክ ቀለም በጠበጥኩ። መስመሩ እንዲጠፋ ብዬ ወፈር አድርጌ ቀባሁ። ቀለሙ የመስቀሉን ጎድጓዳ ስለሞላውና ድጉሱ ስለደበዘዘ፣ «አንቲክ ያወጣዋል» ብዬ ቅባቱን ደረብኩበት። በቀለሙና በቅባቱ መካከል ምንም መከላከያ ቅብ አላደረግሁም። ሰዓቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር። የድሬዳዋን ግንቦት ለሚያውቅ ሰው ይህን መናገር ብቻ ይበቃል። ግማሹን ገበታ ቀብቼ ጨርቅ እስካነሣ ድረስ የመጀመሪያው ግማሽ ደርቆ ጠበቀኝ። ጨርቁን አርጥቤ ፈተግሁ። ከአንዱ ቦታ ቀለሙ ተልጦ መጣ፤ ከሌላው ቦታ ጥቁሩ አልነሣም አለ። በፈተግሁ ቁጥር መስቀሉ ከሰል እየመሰለ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀምም አቃተኝ። የእናቴ መመለሻ ሲደርስ ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ መልሼ ሰቀልኩት።

እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ዳዊቱን የምትደግመው በቃሏ ነው፤ መጽሐፉን የምትይዘው ለመያዝ ነው። እሑድ ማለዳ ጸሎቷን ጨርሳ ስትወጣ፣ ከታችኛው ከንፈሯ ላይ አንድ ጥቁር ምልክት አየሁ። በነጠላዋም ጥለት ላይ፣ መጽሐፉን ወደ ደረቷ ባስጠጋችበት ቦታ፣ ሌላ ጥቁር ነበረ። ስትሳለመው የነካት ነው። ያልታተመ አንቲክ ደርቆም ቢሆን ይለቃል።

«ይህ መጽሐፍ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «ገላው ሌላ ሆነብኝ። ማን ነክቶብኝ ይሆን?»

«ሙቀቱ ይሆናል እማዬ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊቱን ከማኅደሩ አላወጣችውም። ባዶ እጇን ዘርግታ ትጸልያለች። ለ4 ቀን ይህን ካየሁ በኋላ፣ በአምስተኛው ቀን ዳዊቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ መጋላ ሄድኩ።

* * *

በመጋላ ጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠራዥ አሉ። የተወለዱት ሐረር ነው፤ በሐረሪ ወግ ሁላችንም «አው» እያልን እንጠራቸዋለን፤ አባት እንደ ማለት ነው። ቁርኣን ይጠርዛሉ፣ የተበጠሰ መዝገብ ያስተካክላሉ። ማለዳ ይከፍታሉ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋሉ፤ ከአስር ሶላት በኋላ እንደገና ይከፍታሉ።

ጨርቁን ስፈታ እጃቸውን ታጥበው መጡ። ዳዊቱን ተቀብለው አሸተቱት፤ ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አድርገው ተመለከቱት።

«አቦ! ይህን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ጎደለው ብለህ?»

በቀለሙ ሥር ያለውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው፤ ጎርፉንም ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ልጄ፣ ይህ እድፍ አይደለም። ቆዳው ራሱ ነው» አሉኝ። ቆዳውን ያለፋው የቅርፊት ጭማቂ በውሃ ይሟሟል። ቆዳው ሲርስ ጭማቂው ከውሃው ጋር ይጓዛል፤ ውሃው እስከ ደረሰበት ድረስ ሄዶ፣ ሲደርቅ በዳርቻው ላይ ይቀመጣል። መስመሩ ከውጭ የመጣ ቆሻሻ ሳይሆን፣ ከቆዳው ውስጥ ተነሥቶ የሄደ የቆዳው ቀለም ነው። ስለዚህ ታጥቦ አይለቅም፤ ቢሸፍኑትም ከሥሩ አለ።

ስለ ሙያቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ሐረር የጠራዦች ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ጀጎል ገብቶ ሲወጣ፣ የሐረርን ጠራዦች ሥራ በጥንካሬውም በመልኩም አድንቆ፣ በምሥራቁ ዓለም ከፋርስ በቀር የሚበልጣቸው እንደሌለ ጽፏል። ዛሬ የእነዚያ ጠራዦች ሥራ በጀጎል፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ፣ ዓብዱላሂ ሸሪፍ በዕድሜ ልክ ድካም ባሰባሰቡት ሙዚየም ውስጥ ይታያል። «የእናንተ ገበታ እንጨት ነው፤ የእኛ ወረቀት በወረቀት ተለጥፎ የሚጠነክር ነው። የእኛ ክዳን አለው፤ የእናንተ ማኅደር አለው። ብረቱና እሳቱ ግን አንድ ነው» አሉኝ አው። ቀጠሉናም፣ «ሁለቱም ቀለም አይፈልጉም» አሉ።

ያጠፋሁትን ያስተካክሉልኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እርሳቸው ግን ዳዊቱን በጨርቁ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስገቡትና፣ «አንተ ነህ የቀባኸው፤ አንተ ታነሣዋለህ። ግን ዛሬ አይደለም» አሉኝ። «መጀመሪያ ከራስህ ቆዳ ቁርጥራጭ አምጣ። እንደዚህ አድርገህ አበላሸው። ከዚያ ማዳን ተማር።»

* * *

3 ሳምንት ሙሉ ቁርጥራጭ ቆዳ ሳበላሽ ከረምኩ። እነሆ በዚያ የተማርኩትን፣ እንደኔ በዚህ ሥራ ለሚደክም ሰው ይጠቅም እንደ ሆነ፣ ልጻፈው።

የመጀመሪያው፣ ቀለም ተልጦ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በቀለሙ ክፋት አይደለም። ሥሩ ሰም፣ ዘይት ወይም የእጅ ወዝ ካለ ቀለሙ ቆዳውን አይጨብጥም፤ በላዩ ተንሳፍፎ ይደርቃል። አዲስ ቆዳ ከሆነ፣ ከመቀባቱ በፊት በንጹሕ አልኮል ነካ ባለ ጨርቅ ገጹን መጥረግ ይገባል። ወፍራም ቅብ ደግሞ ቆዳው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ፣ እያደረቁ ሦስት አራት ጊዜ በስሱ መደረብ ነው። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የሸፈነ ሰው ድጉሱን ይቀብረዋል፤ እኔ መስቀሉን እንደ ቀበርኩት።

ሁለተኛው፣ አንቲክ በቀለም ላይ በቀጥታ አይወጣም። ቀለሙ ሲደርቅ መከላከያ የሚሆን፣ ጥርት ያለ ቅብ ሁለት ጊዜ በስሱ ይደረብና አንድ ሌሊት ይደር። ይህ ቅብ በቀለሙና በጥቁሩ መካከል እንደ መስተዋት ይቆማል። እርሱ ካለ ጥቁሩ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከላይ ያለው ግን ሲጠርጉት በቀላሉ ይነሣል። እርሱ ከሌለ ጥቁሩ ቀለሙን ያጨቀያል፤ ከዚያ በኋላ ነጩ ነጭ፣ ቀዩም ቀይ አይሆንም።

ሦስተኛው ስለ መጥረግ ነው። ጨርቁ ውሃ የነካው ይሁን እንጂ ውሃ የያዘ አይሁን። በጣት ላይ ተጠምጥሞ ጎድጓዳውን እንዳይቆፍር፣ ተዘርግቶ በከፍታው ላይ ብቻ ይሂድ። በትንሽ በትንሽ ቦታ መሥራት ይገባል፤ አንዱን ቦታ ሳይጠርጉ ወደ ሌላው መሄድ አይገባም። በድሬዳዋ ደግሞ ሰዓት መምረጥ የግድ ነው። ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ። ደጋ ላይ አምስት ደቂቃ የሚታገሥ ቅባት እዚህ አንድ ደቂቃም አይቆይም። ነፋስ ሲነሣም በሩን መዝጋት ነው፤ የደቻቱ አሸዋ እርጥብ ቀለም ይወዳል።

አራተኛውን ሳውቅ ስቄያለሁ። ጎድጓዳው ውስጥ ደርቆ አልነሣ ያለን አንቲክ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ራሱ አንቲክ ነው። አዲሱ ቅባት በደረቀው ላይ ሲታሽ ያለሰልሰዋል፤ ያኔ ወዲያው ሁለቱን አብሮ መጥረግ ነው። ይህ ግን መከላከያ ቅብ ባለው አዲስ ሥራ ላይ ብቻ ይሞከራል። ቅባቱ በዘይት የተሠራ ከሆነም ውሃ አይበግረውም፤ ለእርሱ ጥቂት አኳራጅ በጨርቅ ይሻላል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከሁሉ ይቀድማል።

አምስተኛው የማጠናቀቂያው ቅብ ነው። ብዙ የደከምኩባቸው ቦርሳዎች የተበላሹብኝ በመጨረሻው ደቂቃ ነበር፤ በብሩሽ ስቀባ ብሩሹ ጥቁሩን ከጎድጓዳው እየጎተተ መስመር በመስመር ያደርገዋል። አንቲኩ አንድ ሌሊት ከደረቀ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ስስ ቅብ በስፖንጅ ጠብ ጠብ እያደረጉ መንካት እንጂ መጎተት አይገባም። ይህ ቅብ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ጥቁሩ በሰው ልብስ ላይ ይወጣል። በሰው ከንፈርም ላይ።

ሁሉንም በቁርጥራጭ ላይ ሠርቼ ለአው ሳሳያቸው፣ ስድስተኛውን እርሳቸው ጨመሩልኝ። «ይህ ሁሉ ለአዲስ ቆዳ ነው» አሉ። «አሮጌ ቆዳ ደክሟል። አልኮሉ ያደርቀዋል፣ ውሃው ያጠቁረዋል፣ ዘይቱ ያላላዋል። እርሱ ላይ የምታውቀውን ሁሉ መሥራት ሳይሆን መተው ነው የምትማረው።»

ዛሬ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ዕድሜ ያለው የብራና መጽሐፍ ያለበት ሰው በራሱ እጅ ምንም እንዳይነካና የጥገና ባለሙያ እንዲያማክር ነው የምመክረው። እኔ ግን ያኔ አስቀድሜ ነክቻለሁ።

* * *

በሰኔ መጀመሪያ፣ በአራት ማለዳዎች፣ በአው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ የቀባሁትን አነሣሁ። መጀመሪያ በገበታው ውስጠኛ በኩል፣ ቆዳው ታጥፎ ከተለጠፈበት ከማይታይ ጥግ ላይ፣ ቆዳው አልኮሉን እንዴት እንደሚቀበል ሞከርን። ከዚያ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ የተጠመጠመ፣ አልኮል ነክቶት የተጨመቀ ጥጥ በቀለሙ ላይ ማንከባለል ነበር፤ መፈተግ አይደለም፣ ማንከባለል ብቻ። አክሪሊኩ ሲለሰልስ እንደ ወተት ስልባቦት ይኮማተራል። ያኔ በተሳለ የአጥንት መላጫ ጠርዙን ይዞ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። አንድ የጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

አንድ ነገር አዳነኝ። ቀለሙን መጀመሪያ በጣም በማወፈሬ፣ ጥቁሩ በአብዛኛው ቦታ ቆዳው ጋ ሳይደርስ ቀለሙ ላይ ቀርቶ ነበር። ቆዳው ላይ የነበረው ያረጀ ወዝም ቀለሙን ስላላስጨበጠው ልጡ በቀላሉ ተነሣ። አንዱ ስሕተቴ ለሌላው ስሕተቴ መከላከያ ሆኖ ተገኘ። ቀለሙ ከሳሳበት፣ ከመስቀሉ የቀኝ ክንድ ላይ ግን ጥቁሩ ወደ ቆዳው ገብቷል። እርሱን ለማውጣት አዲስ ጥጥ ሳነሣ አው እጄን ያዙኝ። «በቃ» አሉ። «እርሱን ስታወጣ ድጉሱን ታወጣዋለህ።»

በአራተኛው ቀን ከመስቀሉ እግር ሥር የጎርፉ መስመር ተመልሶ ታየ። እኔ ለማጥፋት ሁሉን ያበላሸሁለት መስመር፣ ምንም ሳይነካው፣ በነበረበት ነበር።

ዋጋቸውን ስጠይቃቸው አው አልተቀበሉኝም። «ለእናትህ ንገራት። ዋጋው እሱ ነው» አሉኝ። ከአራቱ ማለዳዎች ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር።

ማታ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ ዳዊቱን አምጥቼ ጭኗ ላይ አኖርኩት። «ሙቀቱ አልነበረም እማዬ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀለሙን፣ ጥቁሩን፣ ውሸቴን። ቀና ብላም አላየችኝ። አውራ ጣቷን በገበታው ላይ እያንሸራተተች ወደ ታች ወረደች። መስመሩ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«አለ» አለች።

ከዚያ ያላወቅሁትን ነገረችኝ። በዚያ ሌሊት ከጎረቤቶቻችን ከጠፉት አንዷ፣ ለ11 ዓመት በየቀኑ ቡና አብራት የጠጣች ወዳጇ ነበረች። አስከሬኗ አልተገኘም፤ ስለዚህ ሄዳ የምትቆምበት መቃብር የላትም። «ውሃው እዚህ ድረስ መጣና ለእኔ ቆመልኝ» አለች፣ ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ። «ለእሷ አልቆመም። በየማለዳው ጣቴን እዚህ ላይ አድርጌ ስሟን እጠራለሁ። ባለፈው ሰሞን ብዳስስ፣ ብዳስስ አጣሁት። አረጀሁና ጣቴም ከዳኝ ብዬ ነበር።»

ምን እንደምል አላወቅሁም። የሚዳሰስ ስም ያለበትን ቦታ ነው እድፍ ብዬ ስሸፍን የነበረው። የአው ጥያቄ፣ ያ «ምን ጎደለው ብለህ?» የሚለው፣ ዘግይቶ ገባኝ። ለእርሷ አስቀድሜ ባቀርበው ኖሮ አንድ ጠብታ ቀለም ባልተበጠበጠ ነበር።

ዛሬም ቆዳ እደጉሳለሁ። አንቲኩንም አልተውኩትም፤ ለአዲስ ቦርሳ መልካም ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉን ለጠበቀ ሰው አያሳፍርም። ሰው አሮጌ የቆዳ ዕቃ ይዞ መጥቶ «አድስልኝ» ሲለኝ ግን፣ ቀለሙን ከማንሣቴ በፊት ወንበር አቀርብለትና ዕቃው የማን እንደ ነበረ እጠይቀዋለሁ። ከአምስቱ ሁለቱ ያህል፣ ተጫውተው ሲያበቁ፣ ዕቃቸውን እንዳለ ይዘው ይመለሳሉ። ለገበያዬ አይበጅም።

በዚያ ማታ ግን አንድ ያልነገርኳት ነገር ቀርቶኝ ነበር። እጇን ይዤ ጣቷን ወደ መስቀሉ ቀኝ ክንድ ወሰድኩትና፣ «እዚህ ላይ ያለው ጥቁር የእኔ ነው፤ ማውጣት አልቻልኩም» አልኳት። ዳሰሰችው። በጣት የሚታወቅ ነገር አልነበረውም።

«ይሁን» አለች እናቴ። «ያንተም ይኑርበት።»

ዳዊቱንም ተሳልማ ወደ ማኅደሩ መለሰችው። ከንፈሯን አየሁ፤ ንጹሕ ነበር።